ከማሽላው ውስጥ የሚጠይቅ ድምፅ

ዒምራን የጠፋው በጦርነቱ ጊዜ ነው። ጠዋት የጭነት አይሱዙውን አስነስቶ ከቆቦ ወደ ዋጃ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ መኪናው ከአስፋልቱ ዳር ቆሞ ተገኘ። በሩ ክፍት ነው፤ ቁልፉ እንደተሰካ ነው፤ ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ተጥሏል። እሱ የለም። አየሁት የሚል ሰው አልመጣም፤ ቀበርኩት የሚልም አልመጣም።

ሚስቱ ዚነት ከዚያ ወዲህ ከአማቷ ከእማ ሳሊሀና ከባሏ ታናሽ እህት ከራዊያ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ትኖራለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ የሴት ልብስ ትሰፋለች። በመጀመሪያው ዓመት ሽማግሌዎች «ለቅሶው ይወጣለት፣ ተዕዚያ እንቀመጥለት» ብለው መጥተው ነበር። እማ ሳሊሀ «ልጄን በዓይኔ ሳላይ አልቀብርም» ብለው መለሷቸው። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ስለ ዒምራን ማውራት ቀረ። «ሞቷል» የሚል አፍ አልተገኘም፤ «ይመጣል» የሚለውም ቃል ቀስ በቀስ ከበደ። ስሙ ድንገት ከተነሳ አንዷ ውሃ ልትቀዳ ትነሳለች፣ ሌላዋ የበሩን መዝጊያ ታያለች። እማ ሳሊሀ ከሶላት በኋላ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲያደርጉ ብቻ ስሙ ከንፈራቸው ላይ ይታያል፤ ድምፅ ግን የለውም።

መጽሐፉን ወደ ቤት ያመጣችው ራዊያ ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ውጤት እየጠበቀች ነበር፤ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። ዮናስ የሚባል መጽሐፍ የሚያከራይ ልጅ «ይሄን ሳታነቢ እንዳትሞቺ» ብሎ ሰጣት። «ከውሃው በታች ያለው ቤት» ይባላል። ሽፋኑ ላይ ካባ የተከናነበ ረጅም ሰው ቆሟል፤ ፊቱ አይታይም፤ የሚታየው የተዘረጋ እጁ ብቻ ነው።

ወቅቱ ማሽላው ፍሬ የያዘበት፣ ወፍ የሚጠበቅበት ነበር። የእነ እማ ሳሊሀ ማሳ ከከተማው ወረድ ብሎ ከደረቀው ወንዝ ዳር ነው። መሀሉ ላይ በእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ ማማ አለ። ዚነትና ራዊያ በየተራ እዚያ ላይ እየወጡ፣ በወንጭፍና በጩኸት ወፍ ሲያባርሩ ይውላሉ። ወፎቹ የሚበረቱት ጠዋትና አመሻሽ ላይ ነው፤ በቀትር ሙቀቱ ሲከብድ እነሱም ጥላ ፍለጋ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ማማው ላይ ከማንበብ ሌላ ሥራ የለም። መጽሐፉም ማማው ላይ፣ ከሣሩ ክዳን ሥር ተሰክቶ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይተላለፍ ጀመር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የአንዲት ልጅ እጮኛ በደራሽ ጎርፍ ይወሰድባታል። እሷም ውሃው የሄደበትን ተከትላ ከወንዙ ሥር ወዳለ ቤት ትወርዳለች። የቤቱ ጌታ ፊት የለውም። «እጮኛሽን ልመልስልሽ አልችልም፤ ግን ስለ እሱ የነገርሽኝን ሁሉ እሆንልሻለሁ» ይላታል። አነጋገሩን ስትነግረው በዚያ አነጋገር ያናግራታል። አረማመዱን ስትነግረው እንደ እሱ ይራመድላታል።

ራዊያ ጨርሳ፣ ዚነት ገና መሀሉ ላይ ሳለች አንድ ማታ እራት እየበሉ ተከራከሩ።

«አስጠላኝ» አለች ዚነት። «የሰው ባል መስሎ መቅረብ ምን ይሉታል?»

«አልገባሽም ማለት ነው» አለች ራዊያ ዓይኗ እየበራ። «ይወዳታል እኮ! የራሱን ሁሉ ትቶ የምትወደውን ሰው ሊሆንላት ነው። ማን ወንድ እንዲህ ያደርጋል?»

«የራሱ ምን ነበረውና ነው የተወው? ፊት እንኳን የለውም።»

«መጨረሻውን ስታነቢ ታለቅሻለሽ። ታገኘዋለች እኮ ዚንዬ። ሙሉ ሰው ሆኖ ታገኘዋለች።»

እማ ሳሊሀ ቀና ብለው አዩአቸው። «ማንን ነው የምታገኘው?»

ዚነት ውሃ ልትቀዳ ተነሳች።

አስጠላኝ ብትልም ማንበቡን አልተወችም። እንዲያውም በተራዋ ቀን ቀትር እስኪደርስ መታገሥ አቃታት። ልቧን የሚያውካት ሌላ ነገር ነበር፦ ልጅቷ ስለ እጮኛዋ ስትናገር የሚሰማት ሰው አላት። ዚነት ስለ ዒምራን የሚጠይቃት ሰው ካጣች ቆይታለች።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ማሽላው ቅጠሉን ሳያንቀሳቅስ ቀጥ ብሎ ሳለ፣ ዚነት ማማው ላይ ተቀምጣ ታነብ ነበር። የወፍ ድምፅ የለም። የዝንብ እንኳን የለም።

«ዚነት» አለ አንድ ሰው ከታች።

አልጮኸም። ቅርብ ያለ ሰው እንደሚጠራው ነው የጠራት። ቁልቁል ብታይ የማሽላው ዛላ ብቻ ነው፤ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነውና መሀሉ ቢቆሙ አይታይም። ድምፁን አወቀችው፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ከጉድጓድ ውስጥ የሚሰማ ይመስላል።

«ማነህ?» አለች።

«አትነሺ» አለ ድምፁ። «አትውረጂ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ስጠራሽ ምን እያልኩ ነበር?»

ዒምራን ለብቻቸው ሲሆኑ የሚጠራት ስም ነበረው። ለማንም ነግራው አታውቅም፤ እማ ሳሊሀ ብቻ አልፈው አልፈው ሰምተው ይስቁ ነበር። መሮጥ ነበረባት። ቢስሚላህ ማለት ነበረባት። ነገር ግን «ምን እያልኩ ነበር?» ሲል ድምፁ ውስጥ እንዲህ ያለ ናፍቆት ነበረበትና አንገቷን አቀርቅራ ስሙን ነገረችው።

ከማሽላው ውስጥ በረጅሙ የተነፈሰ ሰው ተሰማ። ከዚያ በዚያው ስም ጠራት። ድምፁም አሁን ከጉድጓድ አልመጣም፤ የዒምራን ሆነ።

ዚነት ማማው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ስትነሳ ፀሐይ ዘንበል ብላለች። በማሳው ላይ አንድም ወፍ የለም።

ከዚያ በኋላ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ድምፁ ይመጣ ነበር። ሁልጊዜ በቀትር፤ ሁልጊዜ ከማሽላው ውስጥ። አንድ ነገር ይጠይቃታል፣ እሷ ትመልሳለች። ኒካ ያሰሩ ቀን ምን ለብሶ ነበር? ሲናደድ ምን ያደርጋል? መኪና ሲነዳ የሚያዜማት ዜማ የትኛዋ ነበረች? ዚነት ትነግረዋለች። ስትነግረው ደረቷ ይቀልላታል፤ ዓመታት ተቆልፎ የኖረ ክፍል የተከፈተ ያህል ንፋስ ይገባታል። ሱቋ ውስጥ ስትሰፋ ለሚቀጥለው ቀን ምን እንደምትነግረው ታስባለች። ደንበኞቿ «ዚነት ፊትሽ በራ» አሏት።

የማሳ ጎረቤታቸው አያ ብርሃኑ ግን አንድ ጠዋት መንገድ ላይ አስቁሟት «የእናንተ ማሽላ ላይ ወፍ አይወርድም» አላት። «የኔን ይጨርሳል፣ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ይመለሳል። ምን አደረጋችሁበት?»

«ምንም።»

«ላሜም ወደዚያ አልሄድም አለች። ሣሩ ያለው እዚያ ነው፤ ገመዱን ብጎትት እግሯን ተከለች።» ወደ ማሳው አየ። «ቶሎ እጨዱት ልጄ።»

ዚነት ስቃ አለፈችው።

የገባት አንድ ማታ ነው። እማ ሳሊሀ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ ድንገት በራሳቸው ፈገግ አሉና ወደ እሷ ዞሩ። ስለ ዒምራን ከተናገሩ ስንት ጊዜ ሆኗቸዋል፤ ያን ዕለት ግን ልባቸው ለሰለሰ መሰል፣ «አንቺ፣ ያ ልጅ ምን እያለ ነበር የሚጠራሽ? እኔ ጓዳ ሆኜ ስሰማ ሳቄን አፍኜ ነበር። አሁን አላስታውስ አልኩ፤ እርጅና ነው» አሉ።

ዚነት ልትመልስ አፏን ከፈተች። ምንም አልነበረም። ቃሉ ከምላሷ ጫፍ ላይ ጠፍቶባት አይደለም፤ የነበረበት ቦታ ራሱ የለም። የኒካውን ቀን ልታስብ ሞከረች፤ እሷን፣ እንግዶቹን፣ የተነጠፈውን አየች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ልብስ ቀለም አልነበረውም። ዜማዋን ፈለገች፤ የሞተሩ ድምፅ ብቻ መጣላት። ፊቱን ፈለገች። የመጣላት ካባ የተከናነበ ረጅም ሰው ነው፤ የተዘረጋ እጅ ያለው።

«እኔም ረሳሁት እማ» አለች።

እማ ሳሊሀ ፈገግታቸው ከፊታቸው ጠፋ። ያ ስም ምን እንደነበረ ዛሬ የሚያውቅ ሰው የለም።

በማግስቱ የዚነት ተራ አልነበረም። ቢሆንም ጎህ ሲቀድ ማሳው ድረስ ሮጣ ሄዳ መጽሐፉን ከማማው ላይ አወረደች፤ ሱቋ ውስጥ በሩን ገርበብ አድርጋ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበበች። ልጅቷ ለጌታው ሁሉን ነገር ከነገረችው በኋላ የቀረው የእጮኛዋ ስም ብቻ ነው። ስሙን ሰጠችው። ጌታው ፊት አበቀለ፤ እጇን ይዞ ከውሃው በላይ ወጣ፤ ተጋቡ። መጽሐፉ የሚያልቀው እንዲህ ብሎ ነው፦ ልጅቷ ያጣችው ሰው እንዳለ ከዚያ ወዲያ ትዝ ብሏት አያውቅም፤ በደስታ ኖረች።

ዚነት መጽሐፉን ዘጋችው። ልጅቷን አይደለም ያሰበችው፤ ልጁን ነው። በጎርፍ የተወሰደው ልጅ የት ደረሰ? ድምፁ ተወሰደ፣ አረማመዱ ተወሰደ፣ ስሙ ተወሰደ። ስም የሌለውን ሙት ማን ዱዓ ያደርግለታል? ጸሐፊው ስለ እሱ አንድ መስመር እንኳን አልጻፈም።

ከዚያ ራዊያ ትዝ አለቻት። ራዊያ መጽሐፉን ቀድማ ጨርሳለች። ራዊያም ማማው ላይ ትውላለች። ራዊያም ወንድም ጠፍቶባታል።

ባጃጅ ይዛ ማሳው ዳር ስትደርስ ራዊያ የለችም። ቤት ስትመለስ ግቢውን ስትጠርግ አገኘቻት። ውሃ ረጭታ፣ አቧራውን አስተኝታ፣ እያንጎራጎረች ነው።

«ራዊያ፣ ዛሬ ማሳ አልወረድሽም?»

«ወርጄ ነበር። ቶሎ ተመለስኩ። ነገ እንግዳ ይመጣል።»

«ምን እንግዳ?»

ራዊያ መጥረጊያውን ይዛ ቆመች። ፊቷ ላይ ግራ መጋባት አለፈ፤ ወዲያው ደግሞ በራ። «እንግዳ ነዋ። አሁን ሙሉ ነው። ስምም አለው።»

ዚነት ክንዷን ያዘቻት፣ ወደ ቤት አስገባቻት፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ከዒምራን ፎቶ ፊት አቆመቻት። አይሱዙው ላይ ተደግፎ የተነሳው ነው።

«ይሄ ማነው?»

ራዊያ ፎቶውን ቀረብ ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ በጎዳና የሚያልፍ ሰው የምታይ ያህል። «የማን ሰው ነው? ከማን ቤት ነው የመጣው ፎቶ?» አለች።

እማ ሳሊሀ ከጓዳ ወጡ። ቀልድ መስሏቸው ሊቆጡ ነበር፤ የልጃቸውን ዓይን ሲያዩ ግን ተዉት። እጃቸውን ግንባሯ ላይ አደረጉ። ትኩሳት የለም። «ራዊያ፣ ወንድምሽ እኮ ነው» አሉ።

«ወንድም አለኝ እንዴ?» አለች ራዊያ፤ ያለ ተንኮል፣ በጨዋ አጠያየቅ።

እማ ሳሊሀ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ዚነት ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ድምፁን፣ ጥያቄውን፣ የረሳችውን። እማ ሳሊሀ ሳያቋርጡ ሰሙ። ዚነት ይደነግጣሉ፣ ሼህ ይጠራ ይላሉ ብላ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ቀስ ብለው ጠየቁ፦

«ድምፁ ግን የሱ ነው?»

«እማ...»

«የሱ ነው ወይ አልኩሽ?»

«የሱ ነው።»

«እንግዲያው ይምጣ» አሉ። «ጅንም ይሁን ሰይጣን፣ የልጄን ድምፅ ይዞ ይምጣ። አንድ ጊዜ እማ ይበለኝ።»

በማግስቱ ሦስቱም ቤት ዋሉ። ዚነት የግቢውን የቆርቆሮ በር ከውስጥ ቀረቀረችው። ራዊያ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እማ ሳሊሀ ቁርኣኑን ጭናቸው ላይ አድርገው አልከፈቱትም። የቀትር አዛን ተሰማ፤ ከዚያ መንደሩ ጭጭ አለ። የባጃጅ ድምፅ ቆመ። የጎረቤት ዶሮዎች እንኳን ከግድግዳ ሥር ተሰብስበው ተኙ።

በሩ ተንኳኳ።

ራዊያ ብድግ አለች። ዚነት ቀድማት ደርሳ ጀርባዋን በሩ ላይ አደረገች። ቆርቆሮው በዚያ ፀሐይ መጋል ነበረበት፤ ጀርባዋን የነካው ግን እንደ ጉድጓድ ድንጋይ የቀዘቀዘ ነገር ነው። ዝቅ ብላ አየች። ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት ሁለት ጫማ ይታያል። ዒምራን በዚያ ጠዋት አድርጎት የወጣው ቡናማ ጫማ ነው። ርሷል። ዝናብ ከጣለ ስንት ጊዜው፣ ወንዙ አሸዋ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ከጫማው የሚንጠባጠበው ውሃ በበሩ ሥር ወደ ግቢው እየገባ ነው።

«እማ» አለ ከውጭ።

እማ ሳሊሀ ቁርኣኑን ስመው መቀመጫው ላይ አስቀመጡት። እንደ ልጅ ተንደርድረው ተነሱ። «ዒምራን! ልጄ! ወዬ!»

«በሩን ክፈቱልኝ። ደክሞኛል።»

«ክፈቺለት!» አሉ እማ ሳሊሀ የዚነትን እጅ እየጎተቱ። «ደክሞኛል ይላል አትሰሚም?»

ዚነት በሩን አልለቀቀችም። ስትናገር ወደ ቆርቆሮው ዞራ ነው። «የት ነበርክ?»

ዚነት ከበሩ ሥር ያለውን ጫማ አየች።

«ዋጃ መንገድ ላይ ምን አገኘህ? ጃኬትህን ጥለህ ለምን ወረድክ?»

«እሱን አልነገርሽኝም» አለ ድምፁ። የዒምራን ድምፅ ነው፤ በጣም ደግ ነው። «ያልነገርሽኝን አላውቅም። አያስፈልገንም ደግሞ። አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው ዚነት። "ባሌ መጥቷል" በይ። እሱን ብቻ። ከዚያ እገባለሁ፤ የሚያስለቅስሽ ነገር አይኖርም። እማም አታለቅስም። ራዊያን እያት፤ አታለቅስም እኮ።»

ዚነት ራዊያን አየቻት። ራዊያ ደረጃው አጠገብ ቆማ፣ ሁለት ሴቶች በር ላይ ለምን እንደሚታገሉ ያልገባት እንግዳ መስላ ታያቸዋለች። በእውነትም አታለቅስም።

ውሃው የዚነትን እግር ነካ።

ለመናገር የተቸገረችው ድምፁ ስላስፈራት አይደለም። ቃሉን ከተናገረች በኋላ ወደኋላ መመለስ እንደሌለ ስለምታውቅ ነው። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ሳይባል የኖረ ቃል ነው፤ ሳይባል ሲኖር ዒምራን እንደምንም ገና መንገድ ላይ ነበር። ግንባሯን ቆርቆሮው ላይ አስደገፈች።

«ባሌ ሞቷል» አለች።

«አትበዪ!» ብለው ጮኹ እማ ሳሊሀ።

«ባሌ ዒምራን ሞቷል። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

ከውጭ «ዚነት» አለ። ሁለተኛ ሲጠራት ድምፁ ወፈረ፤ ሦስተኛ ሲጠራት የማንም ድምፅ አልነበረም፤ ከጠባብ ቦታ የሚወርድ ውሃ ይመስላል። ከዚያ ቆመ። ቆርቆሮው በአንድ ጊዜ ጋለና ዚነት ግንባሯን አነሳች። ጎዳናው ላይ ባጃጅ ጡሩምባ ነፋ።

ስትከፍተው ማንም የለም። ደጃፉ ላይ የረጠበ የወንዝ አሸዋ ተቆልሎ ነበር።

እማ ሳሊሀ ደረቷን በሁለት እጃቸው መቷት። «ገደልሽው! በሬ ድረስ መጥቶልኝ ገደልሽው!» ዚነት እጃቸውን አልያዘችም። እስኪደክማቸው መቷት፤ ከዚያ እዚያው አሸዋው አጠገብ ትከሻዋ ላይ ወድቀው አለቀሱ። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ያላወጡት ለቅሶ ነው። ጎረቤት ሰምቶ መጣ። ሴቶቹ ምን ሆናችሁ ብለው አልጠየቁም፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ።

ከዚያ በኋላ እማ ሳሊሀ ዚነትን ሳያናግሩ ሰነበቱ። ማሽላው ታጭዶ እስኪገባ ድረስ በእጅ ምልክት ነበር የሚያዟት። አንድ ጠዋት ግን ሱቋ ድረስ መጡ፤ ከዚያ በፊት መጥተው አያውቁም። ስፌት መኪናው አጠገብ ቆመው «ሰው እንጥራለት» አሉ። «አስከሬኑ ባይኖርም ሶላተል ጋኢብ ይሰገድለት። ድንኳኑን ግን ሰፋ ያለ አድርጉት፤ ልጄ ጓደኛ ይበዛው ነበር።»

ዚነት በዚያው ቀን መጽሐፉን ለዮናስ መለሰች። ዮናስ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ እያደረገ «እንዴት አገኘሽው? ሁሉም ሰው ስለ መጨረሻው ነው የሚያወራው» አላት።

«ጸሐፊው ይችላል» አለች ዚነት። «ማታ ማታ እንኳን ከራሴ አልወጣ ብሎኝ ነበር። መጨረሻው ግን ውሸት ነው።»

«እንዴት ውሸት? ተጋቡ እኮ፤ ደስ ብሏት ኖረች።»

«ማን እንደጠፋባት የማታውቅ ሴት ናት ደስ ያላት። ያን ደስታ የኖረችው እሷ አይደለችም።»

ዮናስ ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባውም። መጽሐፉን ለሌላ ሰው እንዳያከራይ ለመነችው። እሺ አለ፤ ወደ ቤትም ሳትደርስ ሊያከራየው እንደሚችል አውቃለች።

ለተዕዚያው ከጎብዬም ከዋጃም ሰው መጣ። ሹፌር ጓደኞቹ አይሱዙዎቻቸውን ከመንደሩ ዳር ደርድረው ገቡ። ፋቲሃ ከተቀራ በኋላ፣ ሰው ማውራት ሲጀምር፣ ኡበይድ የሚባል የዋጃ ሹፌር ስለ ዒምራን ያነሳ ጀመር። ዚነት ከሴቶቹ በኩል ሆና ጆሮዋን አቅንታ ሰማችው። ኡበይድ ሟችን አላሳመረም። ዒምራን ግትር ነበር አለ፤ መንገድ ተሳስቶ እንኳን ተሳሳትኩ አይልም። ሲተኛ ያንኮራፋል፤ ረዳቶቹ ከመኪናው ወርደው ጎማ ሥር ይተኙ ነበር። ዚነት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ እየሳቀች አለቀሰች። ማንኮራፋቱን ለድምፁ አልነገረችውም ነበር፤ ሳያምርላት ቀርቶ ዘልላዋለች። አሁን መጣላት። በጨለማ ስትገፋው፣ ሲገላበጥ፣ መልሶ ሲያንኮራፋ። ፊቱ ግን አልመጣም። ለፊቱ ፎቶው አለ።

ራዊያ ከድንኳኑ መግቢያ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ዘመዶች እየመጡ «አይዞሽ፣ ወንድምሽን አላህ ይማርልሽ» ይሏታል፤ እሷም «አሚን» ትላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም አልተመለሰላትም። እንግዳ ይመጣል ማለቱን ትታለች፤ ማታ ማታ ፎቶው ፊት ትቀመጣለች፤ ነገር ግን የምታየው የማታውቀውን ሰውዬ ነው።

ሰዉ መበታተን ሲጀምር ተነሳችና ኡበይድ ወደተቀመጠበት ሄደች። እንደማታውቀው ሽማግሌ በአክብሮት ጎንበስ አለች።

«ያ የሚያወሩት ሰው» አለች፣ «እህት ነበረው?»

ኡበይድ ቀና ብሎ አያት። ማን እንደሆነች ያውቃል። ዚነትን ፈለጋት በዓይኑ፤ ዚነት ራሷን ነቀነቀችለት።

«ነበረችው» አለ። «አንዲት ታናሽ እህት። ሚኒስትሪ ያለፈች ቀን መንገድ መሀል መኪናውን አቁሞ ሲጨፍር ኋላው ያለነው ሁሉ ተሰለፍን። ጡሩምባ ብንነፋ አልሰማ አለ። ወርጄ ልጣላው ስል አንገቴን አቅፎ "አለፈች እኮ!" አለኝ። ትራፊክ መጥቶ ምን ሆናችሁ ቢል እሱንም አቀፈው።»

ራዊያ ቀሚሷን ሰብስባ ምንጣፉ ላይ፣ እግሩ ሥር ተቀመጠች።

«ከዚያስ?» አለች።